ማንም አልነካውም

መካኒኳ ኦፕሬተሩን የወደደችው ገና የሚነዳው የመሬት መቆፈሪያ ማሽን፣ ኤክስካቫተሩ፣ ደህና ሳለ ነበር። ለማንም አልተናገረችም፤ ለእሱማ ጭራሽ። እሱም ዛሬ ዘይት አነሰኝ፣ ነገ መብራት ጠፋብኝ እያለ በሰበብ አስባቡ ጋራዡ ውስጥ ብቅ ይላል። ማሽኑ ጤነኛ በሆነበት ሳምንት ሰበብ ያጣና ዓይኑ ይንከራተታል።

አንድ ጠዋት ኤክስካቫተሩ አቅም አጣ። ሞተሩ እንደ ልቡ ያጓራል፣ ክንዱ ግን ባዶ አካፋውን እንኳ የሚያነሳው እያቃሰተ ነው። የጋራዡ ኃላፊ አባቷ ናቸው፤ ሙያውንም ያስተማሯት እሳቸው። መለኪያ ጌጅ ገጥመው ሲያዩ የዘይቱ ግፊት ወርዷል። እንደ ልማዳቸው መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ኦፕሬተሩን ጠየቁ።

«ልጄ፣ ግፊቱን የሚቆጣጠረውን ቫልቭ የነካው ሰው አለ?»

«ኧረ ማንም አልነካውም፣ ጋሼ።»

አባቷ የኦፕሬተርን ቃል ያምናሉ። «ከማሽኑ ጋር የሚውለው እሱ አይደል?» ይላሉ ሁልጊዜ። ቫልቩን አልፈው ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ሞቷል ብለው ፈረዱ። አዲስ ፓምፕ መጣ፣ ተገጠመ፤ ግፊቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሥራ አስኪያጁ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «አንተ ሰውዬ አርጅተሃል፤ ቤትህ ግባ!» አላቸው። አባቷ ቱታቸውን አወለቁ፣ አጥፈው ወንበር ላይ አስቀመጡና ወጡ። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው እጃቸውን ሲያዩ ይውላሉ።

ማሽኑ ለእሷ ተረፈ። ከሥር ጀምራ ሁሉንም ስትፈትሽ ቫልቩ ጋ ደረሰች። የማሰሪያው ዳዶ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ያብለጨልጫል፤ በቅርቡ መፍቻ አርፎበታል። ብሎኑን ስታጠብቀው የጌጁ ቀስት ሽቅብ ወጣ። ደስ ሊላት ሲገባ መፍቻዋን ጥላ ኦፕሬተሩን ፍለጋ ሄደች።

«አንተ ነህ?»

ኦፕሬተሩ ሊክድ አፉን ከፈተ። ዓይኗን ሲያይ ተወው።

«ትንሽ ነው ያላላሁት። አንቺ ትመጪያለሽ፣ ብልሽቱን ስትፈልጊ አብረን እንውላለን ብዬ። ጋሼ ይመጣሉ ብዬ መች አሰብኩ?»

«ሲጠይቁህስ?»

«ደነገጥኩ። ከዚያ በኋላ ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል...»

«አባቴ ሲዋረዱ እዚያው ቆመህ ነበር።»

ስትመኘው የኖረችው የፍቅር ቃል በዚህ መንገድ ስለመጣባት አንጀቷ ተቃጠለ።

የዚያኑ ዕለት ኦፕሬተሩ ለሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ተናዝዞ ተባረረ። ከዚያ አባቷ ቤት ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። አዛውንቱ እስኪበቃቸው አዩት።

«ለልጄ ብለህ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ጅል! ተነስ። ይቅር ብዬሃለሁ።»

ወደ ሥራ እንዲመለሱ ቢጠሩም ግን እሺ አላሉም። «እጄስ ይሠራል» አሏት። «ሰው ጠይቄ ማመን ነው ያቃተኝ። ሳላምን ደግሞ መሥራት አልችልበትም።»

ይቅር በተባለ ዕለት መካኒኳ ኦፕሬተሩን ከቤታቸው እስከ አጥሩ በር ሸኘችው።

«አንቺስ ይቅር አልሺኝ?»

«እኔ እወድሃለሁ» አለችው። ፊቱ በራ። «ግን እወድሻለሁ ባልከኝ ቁጥር ጌጅ ላምጣ?»

ሳቀ። እሷም ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ ሁለቱም ያለቅሱ ነበር።

«ምን ላድርግ?»

«ሂድ በቃ።»

ሄደ። ወደ ቤት ስትመለስ አባቷ በመስኮቱ እያዩት ነበር።

«ገና አልራቀም እኮ። ጥሪው እንጂ!»

«ብጠራው ይመጣል፣ አባዬ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «የፈራሁት መምጣቱን ነው።»