የበትሩ ስድስት ሰከንድ

ጂን፣ ዛር፣ የቀትር ጋኔን የሚባል ነገር ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ ያውም ጮክ ብለው ከሚስቁት። እናቴ እዚህ ሸዋ ሮቢት ያሳደገችን «ቀትር ላይ ወንዝ አትውረዱ» እያለች ነው፣ እኔ ደግሞ ኮምፒውተር ተምሬ ስመለስ «እማ፣ ሙቀቱ ነው፣ ሰው ራሱን ሲያዞረው ጋኔን አየሁ ይላል» እያልኩ ሳበሽቃት ኖሬያለሁ። አሁን ስትለኝ ዝም ነው የምለው።

ሥራዬ ጌም መሥራት ነው። ባልደረባዬ ሀብታሙ ደብረ ሲና ብርዱ ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ ሥዕሉን ይሥላል፣ እኔ እዚህ ላብ እያጠመቀኝ ኮዱን እጽፋለሁ። ጌሙ የውጊያ ነው፣ ተጫዋቹ በይፋት ቆላ እየዞረ በጦር፣ በጎራዴና በዱላ ይዋጋል፣ በየመንገዱም ልዩ ኃይል የሚሰጡት ሰዎች ያገኛል። የኔ ዋና ራስ ምታት እነዚህን ማመጣጠን ነው፣ ጦሩ ከሩቅ ስለሚደርስ መዘግየት አለበት፣ ጎራዴው ስለሚፈጥን ቀረብ ብሎ መምታት አለበት፣ ዱላው ደካማ ስለሆነ ሰው ለመጣል አሥር ምት ይፈልጋል። አንዱ ከሌላው አብልጦ ከበረታ ሌላውን የሚነካው አይኖርም።

ለዱላ አሥር ምት ሰጠሁ እንጂ በእኛ ቤት አንድ በቅቷል። ታላቅ ወንድሜ ኑሩ በሽንኩርት ማሳ የውሃ ተራ ከጎረቤታችን ከእንድሪስ ጋር ተጣልቶ አንድ ጊዜ ሰነዘረ፣ እንድሪስ አንዱን የሱሪውን እግር እስከ ጉልበቱ እንደጠቀለለ ቦዩ ውስጥ ወደቀ፣ አልተነሳም። ኑሩ እስሩን ጨርሶ ወጣ፣ ግን እስር ደም አያደርቅም። የእንድሪስ ወንድሞች እስኪታረቁ ድረስ ወንድሜ ከግቢው በር እግሩን አላወጣም፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር የእናቴ ፊት ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ፣ ወንድሜን ሊገድሉብን ነው እያልኩ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

ዕርቁን የያዙት ሸህ ይማም ናቸው። አበጋር ናቸው፣ ማለት ከአባት ከአያታቸው ጀምሮ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ደም የሚያደርቁ ሽማግሌ። ጦር የላቸው፣ ጠመንጃ የላቸው፣ ያለቻቸው በትር ነች። ሁለቱን ወገን ፊት ለፊት ያስቀምጡና በትሩን መሀል ላይ ያጋድሙታል፣ ከዚያ ወዲያ የሚሻገረው የለም፣ ስንቱ ጀግና ነኝ ባይ መሣሪያውን አስቀምጦ ቁጭ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ታዲያ ምን አደረግኩ? በትሩን ጌም ውስጥ ከተትኩት። ቤታቸው ሄጄ በትሩን በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፣ መሬት ሲነካ የሚያሰማውን ድምፅም ቀዳሁ።

«ምን ልታደርጊው ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ለጨዋታ ነው ሸህ፣ ልጆች እንዲያውቁት ብዬ።»

«ይወቁት፣ ደግ ነው። ብቻ ማንም የሚረግጠው እንጨት አታድርጊው።»

ዕርቁ ለጁምዓ ተቀጥሮ ሳለ ሐሙስ ጠዋት ሀብታሙ ደወለ።

«ስሚ እንጂ ዘይነባ፣ በትሩ ጨዋታውን ገደለው እኮ! የሞከሩት ልጆች ሁሉ በትሩን ያጋድማሉ፣ ጠላት ሁሉ ቁጭ ይላል፣ በቃ። ማን ጎራዴ ይነካል?»

«እና ላውጣው?»

«አታውጪው፣ ቀንሺው። ጥቂት ሰከንድ ይያዛቸው፣ ከዚያ ይሻገሩት።»

በሙያ ዓይን ካየነው እውነቱን ነው። ቀትር ላይ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል፣ እናቴ ተኝታለች፣ ኑሩ ጓዳ ተከቷል፣ እኔ በባትሪ እሠራለሁ። በትሩ ጠላትን የሚይዝበትን ጊዜ፣ መጨረሻ የሌለው የነበረውን፣ ስድስት ሰከንድ አልኩት። አንዲት መስመር ነች። ዋሽቼ ምን አገኛለሁ፣ የሸህ ይማም ቃል ትዝ ብሎኝ ነበር፣ ግን በራሴ ሳቅኩ።

ልሞክረው ብዬ አምስት ጠላት አሰለፍኩ፣ አምስት፣ ራሴ ነኝ የቆጠርኳቸው። ማዳመጫዬን አድርጌ በትሩን አጋደምኩ፣ ድው አለ፣ አምስቱም ተቀመጡ። ስድስት ሰከንድ አለፈ፣ አንዳቸውም አልተነሱም። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ኮዱን ልከፍት ስል ጭቅ፣ ጭቅ የሚል ነገር ሰማሁ፣ ሰው በጭቃ ውስጥ ሲራመድ፣ እኛ ደግሞ የጭቃ ድምፅ የሚባል አልቀዳንም፣ የጌሙ መሬት ሁሉ አሸዋና ድንጋይ ነው። ማዳመጫውን አወለቅኩት። ድምፁ አልቆመም። ከግቢው ይሁን ከቦዩ አላውቅም፣ ብቻ ዶሮዎቹ ዝም ብለዋል፣ የጎረቤቱ ውሻ ዝም ብሏል፣ እመኑኝ፣ የገዛ ትንፋሼ አስፈራኝ።

ወደ ስክሪኑ ስመለስ ስድስተኛ ሰው አለ። ከተቀመጡት ኋላ መጥቶ በመሀላቸው አለፈ፣ በትሩ ጋ ሲደርስ እንደ በር ደፍ ተራመደውና ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ቆመ። መሣሪያ አልያዘም። አንዱ የሱሪው እግር እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል።

ላፕቶፑን ጠርቅሜ ዘግቼ ለሀብታሙ ደወልኩ።

«ሱሪው የተጠቀለለ ሰው ሥለሃል?»

«የምን ሱሪ? ሙቀቱ መታሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ፣ ልክ እኔ በእናቴ እንደምስቀው።

ማታ መብራት ሲመጣ ቁጥሩን ወደ ነበረበት መለስኩት፣ ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፣ ስድስተኛው ሰው የለም። ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሰዉ ሮቃው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ፣ እኛ ሴቶቹ ራቅ ብለን ቆምን። ኑሩ አንገቱን ደፍቶ ከወዲህ፣ የእንድሪስ ወንድሞች ከወዲያ ተቀመጡ። ሸህ ይማም ዱዓ አድርገው በትሩን መሀል አጋደሙ። እኔ ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ፣ ያረቢ፣ ለምን ቆጠርኩ? ስድስት ስል ከወንድሞቹ ኋላ አንድ ሰው ተነሳ። ትከሻቸውን እየታከከ በመሀላቸው አለፈ፣ አንዱም ቀና ብሎ አላየውም። የሱሪው አንድ እግር ተጠቅልሏል፣ ባቱ ላይ ያለው ጭቃ ገና እርጥብ ነው፣ በዚያ ፀሐይ! በትሩን ተሻገረ፣ ኑሩ ላይ ጎንበስ ብሎ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። የእናቴን ክንድ ጨመደድኩ።

«ምን ሆንሽ አንቺ፣ አሳመምሽኝ እኮ!» አለች። ወደ እሷ ዞሬ ስመለስ ሰውየው የለም።

ዕርቁ ሰመረ። የእንድሪስ ታላቅ ወንድም ተነስቶ «ለአላህ ብለን አውፍ ብለናል፣ ይቅር ብለናል» አለና ኑሩን አቀፈው፣ እናቴ መሬት ስማ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ሰዉ የደስታ መሰለው። ሸህ ይማም በትሩን ሲያነሱ እጃቸው ላይ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት፣ ከዚያ ሴቶቹ ወዳለንበት ቀና አሉ።

ጌሙን ትቼዋለሁ፣ ሀብታሙ ለምን እያለ ይጨቀጭቀኛል። ኑሩ ግን ሰው ሆኗል፣ ማሳ ይውላል፣ አጣዬ ገበያ ደርሶ ይመጣል፣ ከእንድሪስ ወንድሞች ጋር እጅ ይነሳሳል፣ እናቴም በሩ ሲንኳኳ «ግቡ!» ትላለች። ባለፈው ሳምንት ምሳ ላይ ብቻችንን ሳለን የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖረው።

«ዘይነባ፣ የዕርቁ ቀን እንድሪስ መጥቶ ነበር። አይተሽዋል አይደል?»

ውሃ ቀዳሁለት።

«አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ፣ ‹በትሩን ማን እንዳሻገረኝ እህትህን ጠይቃት› አለኝ።» ቁጣ የለበትም፣ እንዲሁ ግራ ገብቶት ያየኛል። «ምን ማለቱ ነው?»

እጄን ልታጠብ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ምሳ አብሬው አልበላም፣ ቀትር ሲሆን አቀርብለትና ሥራ አለብኝ ብዬ እነሳለሁ፣ እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም። በሩን ስወጣ ግን ከኋላዬ መልሴን የሚጠብቁት ሁለት ሆነው ይሰማኛል።