ደመናውን በጣትህ አሳየኝ

«ቀና በልና ንገረኝ፤ ከላያችን ያለው ምን ዓይነት ደመና ነው?» አለ የጂኦግራፊ መምህሩ። ፈተናውን የሚሰጠው ሜዳ ላይ ነው፤ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እየጠራ ሰማዩን ያስነብባቸዋል።

ተፈትና የጨረሰችው ልጅ ከሰልፉ ዳር ሆና ጉሮሮዋን አዘጋጀች። ተራው የቀጭኔ ነው፤ የዴስክ ጓደኛዋን ይህን ስም ያሰጠው ቁመቱ ነው። ጠዋት ተስማምተዋል። እንደ ላባ የሳሳው ሲረስ ከሆነ አንዴ፣ እንደ ጥጥ የተቆለለው ኩሙለስ ከሆነ ሁለቴ፣ ሰማዩን እንደ ብርድ ልብስ የሸፈነው ስትራተስ ከሆነ ሦስቴ ትስላለች። ስንፍናው ነው ብላ ነበር እሺ ያለችው። ሰነፍ ጓደኛን ማዳን ደግሞ ለእሷ የዴስክ ግዴታ ነው።

ሁለቴ ሳለች።

«ኩሙለስ» አለ ቀጭኔ ኮራ ብሎ።

«ጎበዝ። እስቲ በጣትህ አሳየኝ።»

ቀጭኔ ጣቱን ቀሰረ። ደመናው ከቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ በላይ ተራራ አክሎ ቆሟል። ጣቱ ግን በሌላ በኩል ያለውን ባዶ ሰማይ ነበር የሚያሳየው። ተማሪው በሳቅ አውካካ፤ መምህሩም «ቀልደኛ፣ ሂድ ከዚህ» ብሎ አባረረው። ቀጭኔም አብሯቸው ሳቀ። እሷ ግን ጣቱ የቀሰረበትን ባዶ ሰማይ ትመለከት ነበር።

ወደ ቤት ሲሄዱ እጅጌውን ይዛ አስቆመችው። «አይታይህም እንዴ?»

«አቦ ተይኝ... ይታየኛል። ጭጋግ ጭጋግ ይላል እንጂ።» እጅጌውን ከእጇ አስለቀቀ። «አባዬንም እንዲህ ነው የጀመረው።»

አባቱን ታውቃቸዋለች። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሰውን በኮቴው የሚለዩ ናቸው። ያላዩት ሐኪም የለም፤ ሁሉም መድኃኒት የለውም ብለው መልሰዋቸዋል።

«ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትይ። ሁለተኛ አትችለውም።»

ብትናገር ዓይኑን አታድንለትም፤ ዝም ብትልም አታድንለትም። እንዲህ አቅም ያነሳት ቀን ትዝ አይላትም።

የእናቱ ልብስ ስፌት ቤት መንገዳቸው ላይ ነው። እናትየው ሲያዩዋቸው የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። «መጣችሁልኝ? ፈተናው እንዴት ነበር?»

«ምንም አይል» አለ ቀጭኔ፣ ከልጅቷ ጋር ጠረጴዛው አጠገብ እየተቀመጠ።

«እሰይ የኔ አንበሳ። በል ይህን ክር አስገባልኝ፤ የእኔ ዓይን ደክሟል።» መርፌና ክሩን አቀብለውት የሸሚዝ ቁልፍ ወደ መምረጥ ዞሩ።

ቀጭኔ እንደ ልማዱ በጠረጴዛው ሥር ወደ እሷ አሳለፈው። እስከ ዛሬ እየተነጫነጨች ታስገባለት ነበር። አሁንም እጇ ሊቀበል ተነስቶ ነበር፤ መልሳ ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

«ያዢ እንጂ» አለ በሹክሹክታ።

አልያዘችም። እንባዋ እየመጣ ነው፤ ቢሆንም አልያዘችም።

ቀጭኔ ክሩን ራሱ ወደ መርፌው አስጠጋ። ሳተው። ደግሞ ሞከረ፤ ሳተው። እናቱ ቁልፎቹን ትተው እጁን ማየት ጀመሩ።