እኖራለሁ ያለኝ እንግዳ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሴት አይደለሁም፣ ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ። ጎረቤቶቼ ጥላ አየን፣ ኮቴ ሰማን ሲሉ «ሂዱና እንቅልፋችሁን ጨርሱ» እያልኩ ነው ያረጀሁት፣ በዕድሜዬ ያስፈራኝ ነገር ቢኖር ሚዛኑን በጣቱ የሚጫን ነጋዴ ነው፣ እሱንም ቢሆን አንገቱን ይዤ ጣቱን አስነስቼዋለሁ። ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። የነገርኩት ሰው ሁሉ ሌሊት ያደርገዋል፣ አይደለም፣ በቀን ነው፣ ከሰዓት በኋላ፣ መርካቶ ውስጥ ሰው ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ በሚጋፋበት ሰዓት።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ሐምሌ። ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ አራት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ነበረችኝ። የልጄ የዘውዴ ባል ሹፌር ነበርና፣ እሱ አሰብ ወርዶ ሳለ እኔ ዘንድ መጥታ ወለደች፣ ያለ ወሯ። ሴት ልጅ ናት። ሳቅፋት ያቀፍኩ አይመስለኝም፣ ክብደት የላትም፣ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ እግሯ ዝናብ እንዳደረበት ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ያያት የክሊኒክ ድሬሰር «የሷ መድኃኒት ሙቀት ነው፣ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ እየሞላችሁ፣ በጨርቅ እየጠቀለላችሁ ከግራና ከቀኟ አስተኙላት፣ ከበረዳት ግን አልዋሻችሁም» አለና ጃንጥላውን ዘርግቶ ሄደ። አላለቀስኩም፣ ውስጤ እንደ ደነዘዘ እግር ነበር፣ ብቻ ውሃ አሞቃለሁ፣ ጠርሙስ እቀይራለሁ።

የዚያን ቀን ጎርፍ ግቢያችን ገባ። የአራታችንም ከሰል ያለው አንድ ጓዳ ውስጥ ነበርና ሁሉም ራሰ። የቀረኝ ቡታጋዝ ነው፣ የአሁኑን ባለ ክር አይነት እንዳይመስላችሁ፣ የነሐስ ሆድ ያለው፣ በፓምፕ እየነፋችሁ ላምባውን ወደ አፉ የምትገፉለት፣ ምንአለሽ ተራ ግማሽ ቀን ተከራክሬ የገዛሁት ነው። ለመነሳት ሁልጊዜም ያስቸግራል፣ የዚያን ቀን ግን ጨርሶ እምቢ አለ። ከአፉ ሥር ያለችውን ጽዋ ስፒርቶ ሞልቼ ለኮስኩ፣ አፉ ሲግል ነፋሁ፣ ቢጫ ሆኖ ቦግ አለና ጥላሸቱን ፊቴ ላይ ተፍቶ ጠፋ። ቀዳዳውን በመርፌ ወጋሁ፣ እንደገና ለኮስኩ፣ ያው ነው። ባለሱቁ ላምባው ላይ ውሃ ጨምሮብኝ ነው ብዬ እየረገምኩት ብርጭቆ ላይ ቀዳሁ፣ ለብርሃን ይዤ አየሁት፣ ጥሩ ላምባ ነው፣ ስለዚህ ጮክ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ሰውየው ባይሰማም ያላጠፋ ሰው አይረገምም። ከዚያ ጥፋቱ የፓምፑ መሆኑ ገባኝ፣ እጀታው ምንም ሳይከብደኝ ይመጣል ይሄዳል፣ ነፋሱን የሚይዘው የቆዳ ቁራጭ ደርቋል። አወጣሁት፣ በውሃ አራስኩት፣ መለስኩት። እምቢ።

ይሄኔ ጎረቤቴ ከድጃ አንገቷን በበሩ አስገባች፣ የወሎ ሰው ናት፣ ቅመም ነጋዴ፣ ከቀልዷ የምታመልጥ ነገር የለችም።

«አንቺ በላይነሽ፣ ያ ሆዳም እስካሁን አልተነሳም?»

«እምቢ አለ።»

«ታዲያ የማን ዕቃ ነው? ባለቤቱን ነው የመሰለው!»

«ከድጃ ተይኝ፣ ጠርሙሶቹ እየቀዘቀዙ ነው።»

ገብታ ልጅቷን ዳሰሰቻት። ሳቋ ጠፋ። የማዳበሪያ ጆንያ ራሷ ላይ ደረበች፣ «ዳቦ ቤቱ ጋ ፍም አይጠፋም፣ በጣሳ ይዤልሽ እመጣለሁ» ብላ ወደ ዝናቡ ወጣች። በሩን ገርበብ አድርጋ ነው የሄደችው፣ እኔም አልተነሳሁም፣ ይህን ልብ በሉልኝ።

በረዶው ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። ዘውዴ አልጋው ላይ ልጅቷን አጠገቧ አድርጋ አሸልባለች። እኔ ጀርባዬን ለበሩም ለአልጋውም ሰጥቼ ቡታጋዙ ላይ አጎንብሻለሁ። መጀመሪያ ውሃ የሚረግጥ እግር ሰማሁ፣ ቀጥሎ መድረኩ ላይ ጫማ ሲጠረግ፣ ጨዋ ሰው እንደሚያደርገው ሁለቱንም እግር፣ ከዚያ በርጩማዬ የሰው ክብደት ሲሸከም ሲጥ አለ። መቼም ደንባችንን ታውቁታላችሁ፣ ሰው ሲገባ ብድግ ብላችሁ «ኖር» ትላላችሁ፣ ክርስቲያኑ «በእግዜር» ይላል፣ ሙስሊሙ «በአላህ» ይላል፣ በኛ ግቢ እኔ ሰውን ዞሬ ሳላይ በመልሱ ነው የማውቀው። እጄ ላምባ ስለነበረ ከወገቤ ከፍ አልኩና «ኖር» አልኩ።

«እኖራለሁ» አለኝ።

አለኝ የምለው ለአነጋገር ነው፣ ድምፁ የወንድ ይሁን የሴት እስከ ዛሬ አላውቅም። እመኑኝ፣ አልደነገጥኩም፣ ለመደንገጥም ሰው ልብ ያስፈልገዋል። አንዱ የገጠር እንግዳ ዝናብ ሊያሳልፍ ገብቶ ይሆናል ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

«ቆዳው ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ፣ አርሼዋለሁ።»

«የጠማው ውሃ አይደለም። ለልጅቷ ያስቀመጥሽውን ስጪው።»

ለልጅቷ ያስቀመጥኩት ቅቤ ነበር፣ ለአራስ ልጅ በጣት የሚቀመስ ለጋ ቅቤ፣ በሲኒ አድርጌ መደርደሪያው ላይ ከድኜዋለሁ፣ ለዘውዴ እንኳ አልነገርኳትም። ታዲያ እንዴት አወቅህ ማለት ነበረብኝ፣ እኔ ግን እንዲህ ነኝ፣ የሰው ድርሻ ሲነካ ሌላው ነገር ሁሉ ይጠፋኛል።

«ሁሉንም አልሰጥም» አልኩ፣ «ግማሹ የሷ ነው።»

«ግማሽ ይበቃኛል» አለኝ።

«ይበቃዋል» አላለም፣ «ይበቃኛል» ነው ያለው። ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ሲኒዋን አወረድኩ፣ ቅቤውን በቢላ እኩል ከፈልኩ፣ ግማሹን ቆዳው ላይ አሸሁት፣ መለስኩት፣ ነፋሁ። እጀታው ከበደኝ። ለኮስኩት፣ ሰማያዊ እሳት ክብ ሠርቶ ጉምምም ብሎ ተነሳ፣ ቤቱ በድምፁ ሞላ። ድስቱን ጣድኩና «እግዜር ይስጥልኝ፣ ማን ልበል?» ብዬ ዞርኩ።

በርጩማው ባዶ ነው። መሬቱ ደረቅ ነው፣ አንድ ጠብታ የለበትም፣ ውጭ ጎርፍ ነው።

ወዲያው በሩ ተደበደበ።

«ክፈቺ እንጂ አንቺ ሴት! ፍሙ በእጄ ላይ አመድ ሆነ!»

ከድጃ ናት። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። እኔ አልቀረቀርኩትም፣ ዘውዴ ከአልጋ አልወረደችም፣ ቤቱ ሌላ በር የለውም። ከፈትኩላት።

«ምነው ዘጋሽብኝ? ቆሜ የጠበቅኩት እንግዳ ይዘሽ ነው ብዬ ነው፣ ስታወሩ ሰማሁ። የታለ ሰውየው?»

«ሰውየው ነው ያልሽው? ወንድ ነበር?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? አጠገብሽ ተቀምጦ! ኖር ስትይው ምን አለሽ?»

«እኖራለሁ አለኝ።»

«በአላህ አላለም?»

«አላለም።»

«በእግዜርስ?»

«ከድጃ፣ ነገርኩሽ እኮ፣ እኖራለሁ ነው ያለኝ።»

ቀልድ የሚመጣ መስሎኝ ጠበቅኩ። አልመጣም። የፍሙን ጣሳ መሬት ላይ አስቀመጠችና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ይሄኔ ዘውዴ ነቃች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ «እማዬ» አለችኝ፣ «ሴትዮዋ ልጄን መለሰቻት?»

«የቷ ሴትዮ?»

«ያቀፈቻት። ላሙቃት አለችኝ፣ እሺ አልኳት።»

ሁለታችንም አልጋው ላይ ተደፋን። ልጅቷ በቦታዋ አለች፣ ከንፈሯ ቀልቷል፣ አፏን ጡት ፍለጋ ታንቀሳቅሳለች። ጠርሙሶቹ ከቀዘቀዙ ቆይተዋል፣ ውሃው ገና አልፈላም፣ ቀኝ እግሯን ስይዘው ግን ፀሐይ ላይ እንደ ዋለ ልብስ ይሞቃል። ከድጃ «አልሐምዱሊላህ» አለች። እኔ ግራ እግሯን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነው፣ እንደ ጠዋቱ። ግራ እጇም። ውሃው ፈላ፣ ጠርሙሶቹን ሞላን፣ ሁሉንም በግራዋ ደረደርን፣ ጨርቁ ሞቀ፣ ፍራሹ ሞቀ፣ እሷ አልሞቀችም።

ግን ኖረች። ጡት ያዘች፣ አደገች፣ ተማረች፣ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ሐኪም ግራ ጎኗን ብዙ ጊዜ አይቶታል፣ ደሟ ደህና፣ ጅማቷ ደህና፣ ምንም የላትም ይላል። ባሏ ሁልጊዜ በቀኟ ነው የሚተኛው። ልጆቿም ሕፃን ሳሉ በግራ ክንዷ ስታቅፋቸው ያለቅሱ ነበር፣ ወደ ቀኝ ስታዞራቸው ዝም ይላሉ።

ስትመጣ ሁለቱንም እጄን በሁለት እጇ ትይዘኛለች፣ እንዲህ ስታደርግ ከሁለቱ እጆቿ አንዷን፣ የሞቀችውን፣ ብቻ አውቃታለሁ። ዘውዴ «ያን ቀን ምን አልሽው?» ብላ ጠይቃኛለች፣ እኔም አልደበቅኳትም፣ አሁንም ብሆን ያንኑ እላለሁ፣ ሁሉንም አልሰጥም ማለት ትክክል ነው። ግማሹ የሷ ነው ብዬ የተከራከርኩት ግን ስለ ቅቤው ነበር። እሱ ስለ ምን እንደ ሰማኝ አላውቅም።