የአባ ናፍጣ ፈተና

«ቆይ ቆይ፣ ዋናው ገና ነው!» አለች ራዲዮ ስልኳን ከፍ አድርጋ።

ግማሹ ክፍል በአንዲት ስልክ ላይ ተደፍቷል። ራዲዮ ይህ ቅጽል ስም የወጣላት ወሬ ስለማያልቅባት ነው፤ ዛሬ ደግሞ ወሬዋ ምስል አለው። አዲስ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ኮፍያ ያደረገ ሹፌር ቁልፉን ያዞራል፣ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ እንደገና ያዞራል። አልነሳ ብሎት ፔዳሉን ጠበቅ አድርጎ ሲረግጠው አውቶቡሱ ለካ ተነስቶ ኖሯል! ወደ ፊት ዘሎ የጥበቃውን የቆርቆሮ ቤት ድምጥማጡን አጠፋው። ደግነቱ ጥበቃው ውጭ ነበር፤ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ሲሮጥ ይታያል።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከሁሉም ጮክ ብላ የሳቀችው ሚጡ ናት። ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ አባቷ መሆኑን ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» ይባል የለ? እሷም አብራ ዘረፈች። ሳቁ ሲያበቃ ግን ምራቋ እንደ ሬት መረራት፤ የእረፍቱን ሰዓት መጸዳጃ ቤት ተደብቃ አሳለፈችው።

አባቷን ባልደረቦቹ «አባ ናፍጣ» ይሉታል። ሃያ ዓመት የናፍጣ አውቶቡስ ነድቷል። ሞተሩ የቱ ጋ እንዳመመው በድምፁ ብቻ ያውቃል፤ መካኒኮቹ እንኳ ቁልፍና መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት እሱን ይጠይቁታል። አዲሶቹን አውቶቡሶች ግን አይጠላቸውም። «ጭሱንማ የዋጥኩት እኔ ነኝ፤ ይሂድልኝ!» ይላል እየሳለ። ችግሩ አዲሱ አውቶቡስ አያናግረውም። ተነሳ አልተነሳ፣ ደከመው አልደከመው፣ ትንፍሽ የለም።

አዲሱን አውቶቡስ ለመንዳት የሚሰጠውን የመጀመሪያ ፈተና የወደቀው በዚያች የቆርቆሮ ቤት ምክንያት ነው። ሁለተኛው የመጨረሻው ነው። እሱንም ከወደቀ የናፍጣ አውቶቡስ ገና ወደሚሠራበት፣ የአንድ ቀን መንገድ ወደሚርቀው ቅርንጫፍ ይመደባል። ሚጡም ጓዟን ጠቅልላ አክስቷ ቤት ትገባለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ እቤት ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው። ከሁለት አንድ ሲቀነስ ደግሞ ቤት አይባልም።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ የድስት ክዳን እንደ መሪ በሁለት እጁ ይዟል። ክዳኑን ወደ ቀኝ አዞረው።

«አሁን ትንሽ ነዳጅ እሰጠዋለሁ…»

«አባዬ፣ ነዳጅ የለውም እኮ።»

«ታዲያ ምን ልበል? መብራት እሰጠዋለሁ ልበል?»

ሁለቱም ሳቁ። አባቷ ክዳኑን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ጠርዙን በጣቱ ይዳብስ ጀመር።

«ነገ ፈተናው ተሳፋሪ ይዤ ነው፤ በእናንተ በር ነው የማልፈው። ከትምህርት ስትወጡ እደርሳለሁ። እና… ብትገቢ። ከኋላዬ የራሴ ሰው እንዳለ ባውቅ ልቤ ይረጋል።»

የሚጡ ፊት ጋለ። «ነገ የቡድን ጥናት አለን።»

ምንም ጥናት የለም። አባቷም የገባው መሰለ፤ ለአፍታ አያትና ዓይኑን ሰበረ።

«ይሁን፣ የኔ ልጅ። ጥናት ይቀድማል።»

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ከግድግዳው ማዶ ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማታል፤ ልምምዱን ቀጥሏል። ወጥታ አጠገቡ መቀመጥ አማራት። አልወጣችም። ብቻዋን ሆና የወንበሩን ድምፅ እየሰማች አለቀሰች።

በማግስቱ ደወሉ እንደተደወለ በጓሮ በር ልትወጣ አስባ ነበር። ራዲዮ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት።

«አዲሱ አውቶቡስ መጣ! ነይ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?»

አውቶቡሱ ኮሽ ሳይል መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከሹፌሩ ጎን ወረቀት የያዘች ፈታኝ ቆማለች። ሚጡ ስትገባ የአባቷ ፊት በራ፤ አፉ «ሚ…» ሊል ተከፈተ። ወዲያው ከኋላዋ ራዲዮንና የክፍሉን ልጆች አየ፤ የሚጡን ፊትም አየ። አፉን ዘጋ።

«ተማሪዎች፣ እባካችሁ ወደ ኋላ እለፉ» አለ፣ እንደማያውቃት ሰው።

«ውይ በሞትኩት! የቪዲዮው ሰውዬ እኮ ነው!» ራዲዮ በሹክሹክታ ጆሮዋን ነደለቻት። «ቀበቶ እሰሩ፣ ጎበዝ!» ልጆቹ እየተንፈቀፈቁ ወደ ኋላ አለፉ።

ሚጡም አብራ ሦስት እርምጃ ሄደች። ከዚያ እግሯ እምቢ አላት። አባቷ የካዳት ለእሷው ብሎ ነው፤ እሷ ትናንት ስትክደው ግን ለማን ብላ ነበር? ዞር ስትል የአንገቱ ላብ የሸሚዙን ኮሌታ አርሶታል። ዓይኑ ከፊቱ ካለው ሰሌዳ አይነቀልም። ከጀርባው ያለው ወንበር ባዶ ነው።

«አንቺ!» ራዲዮ ከመጨረሻው ረድፍ ተጣራች። «ቦታ ይዤልሻለሁ እኮ!»

ሚጡ ተመልሳ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን እቅፏ ውስጥ አደረገች።

«እዚሁ ነኝ» አለች። «ከአባቴ ጋር።»

ጮክ ብላ አልተናገረችም። የድሮው አውቶቡስ ቢሆን ኖሮ ቃሏን ሞተሩ ውጦ ያስቀረው ነበር። ይሄኛው ግን ድምፅ የለውም፤ እስከ መጨረሻው ወንበር ተሰማ።