የሶልያና ደም ምን አለ?

ሶልያና እና ኪሩቤል ጎረቤታሞች ናቸው። አንድ ግቢ፣ ሁለት በር፣ ቀኑን ሙሉ አባሮሽ!

ኪሩ ያባርራል፣ ሶልያና ትሮጣለች። «ያዝኩሽ!» ይላታል ክንዷን ለቀም አድርጎ።

በማግስቱ የሶልያና ክንድ ይበልዛል። መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ወይንጠጅ፣ ከዚያ ቢጫ።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» ትላለች እማዬ። «ያ ኪሩ ነው አይደል?»

«እሱ አይደለም!» ትላለች ሶልያና። ማን ሰምቷት!

አንድ ቀን ሲጫወቱ ሶልያናን ነሰራት። ጠብ! ጠብ! ጠብ! ቀሚሷ ላይ፣ ጫማዋ ላይ፤ አልቆም አለ።

እማዬ እየሮጠች መጣች። «አንተ ባለጌ! ሁለተኛ ልጄ አጠገብ እንዳላይህ!» ብላ ኪሩ ላይ ጮኸችበት።

ኪሩ ቤቱ ገባና በሩ ተዘጋ፤ ድው!

ከዚያ ወዲያ አባሮሽ የለም። ብቻን ደግሞ እንዴት አባሮሽ ይሆናል?

ነስሩ ግን ኪሩ በሌለበትም መጣ። ጠብ! ጠብ! ጠብ! እማዬ ደነገጠችና ሶልያናን ሐኪም ቤት ወሰደቻት።

ሐኪሙ ክንዷን አየ፣ አፍንጫዋን አየ። «ደሟ ላብራቶሪ ይመርመር» አለ።

«ደሜ ኪሩ እንዳልመታኝ ይናገራል?» አለች ሶልያና።

«እናያለን» አላት ሐኪሙ።

ላብራቶሪ ውስጥ ሲስተር ወይንሸት ሰማያዊ ክዳን ያለው ትንሽ ብልቃጥ ያዘች። «ደምሽ እዚህ መስመር ድረስ መሙላት አለበት፣ የኔ ቆንጆ።»

መርፌው ጠቅ አደረጋት። «አይይይ!»

የእማዬ አንጀት አልቻለም። «በቃ! ልጄን ጨረሳችኋት!» ብላ የሶልያናን እጅ ሳበች።

ወይ እማዬ! ደሙ መስመሩ ጋ መች ደረሰና!

«በዚህ ከመረመርነው ውጤቱ ይዋሸናል» አለች ሲስተር ወይንሸት። «እንደገና መውሰድ አለብን።»

ሶልያና አለቀሰች። መርፌ ያማል፤ አያምም የሚል ሰው ውሸታም ነው!

ግን ኪሩ ትዝ አላት። ሌላኛውን እጇን ዘረጋችና «እስከ መስመሩ» አለች።

ጠቅ! ደሙ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ መስመሩ ጋ ደረሰ። ከዚያ ጥጡን ተጭነው ቁጭ፤ አሁንም ቁጭ። ደሙ ቶሎ አልቆም አለ።

ውጤቱ የደረሰ ቀን ሐኪሙ ጠራቸው። «ይቺን ልጅ ማንም አልመታትም። ደሟ ቶሎ አይረጋም፤ ትንሽ ስትነካ ትበልዛለች። ከቤተሰብ የሚወረስ ነው።»

ወደ እማዬ ዞረ። «አንቺንስ ይነስርሻል?»

«ኧረ እኛ ቤትማ ያልነሰራት ሴት የለችም!» አለች እማዬ። «እናቴም፣ አክስቴም... እኛ ወጋችን ነው ብለን...»

«ይጠፋልኛል?» አለች ሶልያና።

«አይጠፋም» አላት ሐኪሙ። «ግን መድኃኒት አለው፤ እንጠነቀቃለን።»

እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ለካ ከኔ ነው! እኔ ደግሞ በሰው ልጅ አሳበብኩ!»

ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ቀጥታ ኪሩ ቤት ሄዱ። ኳ! ኳ! ኳ!

የኪሩ እናት ስንዱ ከፈተች። ፊቷን አልፈታችም።

«ይቅር በይኝ ስንዱ፤ ልጅሽን ያላጠፋውን አጠፋህ አልኩት» አለች እማዬ።

«ልጄ ከማንም ጋር መጫወት ትቷል» አለች ስንዱ። «እጄ መርዝ አለው ይለኛል።»

ኪሩ ከእናቱ ኋላ ቆሟል። ሁለት እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቷል።

«እጅህ አይደለም ኪሩ፣ ደሜ ነው!» አለች ሶልያና። «ተመርምሮ ተናግሯል!»

ኪሩ ግን እጁን አላወጣም። «እንዳልነካሽ» አለ።

እማዬ ኪሩ ፊት ተንበረከከች። ትልቅ ሰው ናት፣ ግን እንደ ልጅ አለቀሰች። «ጥፋቱ የኔ ነው የኔ ጌታ» አለችው። ኪሩ ወደ ጓዳ ገባ።

ማታ ሶልያና አልጋዋ ላይ ሆና «ኪሩ ነገ ለጨዋታ ይወጣል?» አለች።

«አላውቅም ልጄ» አለች እማዬ፣ ብርድ ልብሱን እያለበሰቻት። «እስኪወጣ ድረስ እየሄድኩ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

«እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች ሶልያና፣ እንቅልፍ እየጣላት።