የውሃው ሙቀት

«ሃያ ስድስት!» አለች ሚጡ፣ ቴርሞሜትሩን ውሃው ውስጥ ነክራ ወዲያው እያወጣች። የአክስቷ ልጅ ገና የአየር ግፊት መለኪያው ላይ አጎንብሳ ነበር። ዛሬስ ሚጡ ቀደመቻት!

አባቷ የካንሰር ታካሚዎች በጨረር የሚታከሙበት ክፍል የፊዚክስ ባለሙያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ታካሚ በሌለበት፣ በሰው ገላ ፈንታ ውሃ የሞላ ገንዳ ማሽኑ ሥር ያስቀምጥና የጨረሩን መጠን ይለካል፤ ሂሳቡ የውሃውን ሙቀትና የአየሩን ግፊት ይፈልጋል። ድሮ ቁጥር የምታነብለት ሚጡ ብቻ ነበረች። የአክስቷ ልጅ ለትምህርት እነሱ ቤት ከገባች ወዲህ ግን «ፕሮፌሰር» የሚለው ቃል ከአፉ አይጠፋም። የአክስት ልጅ ፕሮፌሰር፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጁ ዛሬም ሚጡ! ቅናቱ አንጀቷን ያሳርራታል።

አባቷ ሂሳቡን ሠርቶ ግንባሩን ቋጠረ። «ጨረሩ ካለፈው ሳምንት ሁለት በመቶ በልጧል። ፕሮፌሰር፣ ግፊቱን በትክክል አንብበሻል?»

«መሰለኝ ጋሼ... ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ሚጡ ደስ አላት። እሰይ፣ እሷም ትቅመሰው!

አባቷ ሄዶ መለኪያውን ራሱ አየ። ልክ ነው። «እንግዲያው ማሽኑ ነው፤ ጨረሩን ዝቅ ላድርገው። ሚጡ እንደሆነች ቴርሞሜትሩን ውሃው ውስጥ ሳታቆይ አታነብም። አይደል የኔ ጎበዝ?»

ስንት ወር የጠበቀችው ቃል፣ ያውም በፕሮፌሰር ፊት! ግን አላቆየችውም። ሃያ ስድስት የክፍሉ ሙቀት እንጂ የውሃው እንዳልሆነ አሁን ገባት። ሙቀቱ በዝቶ ሂሳቡ ውስጥ ሲገባ ጨረሩም የበዛ ይመስላል።

«ማሽኑ ደህና ሆኖ ዝቅ ብታደርገውስ?» አለች ቀስ ብላ።

«ከሰኞ ጀምሮ እዚህ የሚተኛው ሰው ሁሉ ጨረሩ ይጎድልበታላ። እፎይ የሚለው ዕጢው ነው።»

ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ብትናገር ደግሞ በዚያች ልጅ ፊት ኩም ማለት ነው። አባቷ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

«አባዬ፣ ቆይ! አላቆየሁትም። እሷን ልቅደም ብዬ ነው።»

አባቷ እጁን ከኮምፒውተሩ አነሳ። ሚጡ ፊቷ እየነደደ ቴርሞሜትሩን ውሃው ውስጥ መልሳ ከተተችው። ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወረደ። ሃያ አራት፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ... ቆመ። ቁጥሩን ልትጠራ አፏን ከፈተችና ተወችው። ለአክስቷ ልጅ ቦታ ለቀቀችላት።

«ነይ» አለቻት። «አንቺ አንብቢው።»