የሸማኔዋ ልጅ

በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.፣ ኅዳር ስድስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የአቶ የሻው ልጅ አበቡ ጎንደር አራዳ ካለው ቧንቧ አንድ እንስራ ውሃ መቅዳቷ ይታወቅ።

ልትሸከም ጎንበስ ስትል አንድ ረጅም ሰው ትንሽ ጠርሙስ ነክሮ ከውሃዋ ወሰደ።

«ምነው? ቧንቧው አይበቃህም?»

«ከቧንቧውስ ቀድቻለሁ። እንስራሽ ውስጥ ጀርም እንዳለ ልመረምር ነው።»

«ብታገኝስ?»

«መጥቼ እነግርሻለሁ።»

«እንግዲያማ በየቀኑ ፈልግ።»

ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ዓይኗን መሸፈን ግን ረሳች።

ጾሲ ይባላል። ለጤና ሥራ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ጎንደር ይህን አላመነችም፤ መልኩም ጸጉሩም የፈረንጅ አይደለም። አማርኛ አቀላጥፎ የለመደው ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲያስረዳ ነው።

«ናቫሆ ነኝ፤ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ» አላት ለአበቡ። «ፈረንጅ ሳይመጣ አገሩ የእኛ ነበር። ወታደር ቅድመ አያቶቼን እንደ ከብት ነድቶ ሩቅ ወሰዳቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ‹ሌላ አገር እንስጣችሁ› ቢሏቸው እምቢ ብለው ወደ አገራቸው ተመለሱ።»

አበቡ ቀና ብላ አየችው። እሷም ያን ሰሞን ሁለት ባል እምቢ ብላ ነበር።

ግንቦት ላይ ጾሲ ለአበቡ ሽማግሌ ሊልክ ሆነ። የሽማግሌዎቹ አለቃ መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ ጾሲን ቤታቸው ጠርተው ጠየቁት።

«እናትህ ምን ይሠራሉ?»

«ትሸምናለች፤ ከራሷ በጎች ጸጉር። በእኛ ዘንድ ልጅ የሚቆጠረው በእናቱ ጎሳ ነው።»

መምሬ አማተቡ። «ባለርስት ናቸው እንላለን። አያ የሻው ፊት ሸማኔ አይነሣም።»

አበቡ ከበሩ ኋላ ሆና ትሰማ ኖሯል። «እንዳይዋሽ፣ መምሬ! ከዋሸ ሦስተኛው እምቢዬ እሱ ነው።»

በቀጠሮው ቀን አቶ የሻው ቤት ዘመድ ተሰበሰበ። ጾሲ ጎሳውን ከእናቱ ጀምሮ ቆጠረ። ከዚያ «እናቴ ሸማኔ ናት፤ ይህን ለእርስዎ ሠርታ ልካለች» ብሎ ቀይና ጥቁር የሱፍ ብርድ ልብስ ዘረጋ።

አቶ የሻው ተነሡ። «ሰባት ቤቴ ባለርስት ነው! ሸማኔ በደጄ አልፎ አያውቅም! ልጄን ለሸማኔ ልጅ፣ ለቁጢት በጣሽ ልስጥ?»

አበቡ ከጓዳ ወጥታ ብርድ ልብሱን ተከናነበች። «እኔ ሰጥቼዋለሁ፣ አባባ።»

ዘመድ ጉድ አለ። አባቷ ሊገፍፏት ጫፉን ሲስቡ አንድ ክር ተበጠሰ።

አቶ የሻው ንግግራቸውን አላቋረጡም። «ዘራችን የጠራ ነው» እያሉ ጣታቸውን በምራቅ አራሱ፤ ሁለቱን የክር ጫፎች ሳያዩ በአንድ እጃቸው አገናኝተው ጠመዘዙ፣ ቋጠሩ፣ ትርፉን በጥርሳቸው በጠሱ፣ ቋጠሮውንም በአውራ ጣታቸው ገፍተው ሽመናው ውስጥ ደበቁት።

የገዛ እጃቸውን ያዩት ከዚያ በኋላ ነው። መምሬ ጣራውን ያያሉ። ዘመድ እርስ በርሱ አይተያይም።

ጾሲ ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን ፈለገ፤ አጣው።

«እናቴም እንዲህ አትችልበትም» አለ።

አበቡ ብርድ ልብሱን ከአባቷ እጅ ቀስ ብላ ወስዳ እንደገና ተከናነበች። የከለከላት የለም።